ከአዲሱ ገበያ እስከ ሱሉልታ፦ መንገድ ላይ ዛቻ ለደረሰበት ብስክሌተኛ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «እሑድ እሑድ ማለዳ ከእህቴ ጋር ከአዲሱ ገበያ ተነስተን በጎጃም መንገድ ወደ ሱሉልታ በሳይክል እንሄዳለን። ባለፈው እሑድ እህቴ ስላልመጣች ብቻዬን ነበርኩ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሦስት ወጣቶች ከባሕር ዛፉ ውስጥ ወጥተው አንዱ መሪውን ያዘብኝ፤ ሌላው ዱላ እያሳየ ስልክህን አምጣ አለኝ። ከኋላዬ ኢሱዙ ሲመጣ ለቀውኝ ወደ ጫካው ገቡ፤ ነገር ግን ሌላ ቀን እንገናኛለን ብለውኛል። ጓደኞቼ ጩቤ ያዝ ይሉኛል፣ አባቴ ደግሞ ሳይክሉን ሽጠው ይለኛል። ማምለጥ ነው፣ መታገል ነው ወይስ መስጠት? ምንም ያልተወሰደብኝ ሰው ፖሊስ ዘንድ ሄጄ ምን ብዬ ላመልክት? እህቴንስ ምን ልበላት?»

ምላሽ፦ ከሁሉ በፊት ጉዳት ሳይደርስብዎ በመትረፍዎ ደስ ብሎኛል። የመልሱን ፍሬ ነገር ላስቀድም፤ ከተያዙ ስልኩን ይሰጣሉ እንጂ አይታገሉም፣ ጩቤ አይይዙም፣ ምንም ባይወሰድብዎም ለፖሊስ ያመለክታሉ፣ ሳይክሉንም መሸጥ አያስፈልግዎትም። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም ሰዎቹ ሌላ ቦታ ሳይሆን እዚያው ዳገት ላይ ለምን እንደጠበቁዎት መረዳት ነው። በግል ደኅንነት ሥልጠና ላይ የሚያጋጥሙኝ ብስክሌተኞች ሁሉ ማወቅ የሚፈልጉት ሰው መሪውን ከያዘ በኋላ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ነው፤ እኔ ግን የሥልጠናውን ሰፊ ጊዜ የምሰጠው እጁ መሪው ላይ ከማረፉ በፊት ላለው ግማሽ ደቂቃ ነው፤ ብስክሌተኛ በእርግጥ ምርጫ ያለው በዚያ ጊዜ ብቻ ነውና።

ሜዳ ላይ ብስክሌት ነጂውን ከማንኛውም እግረኛ ያስመልጠዋል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው 50 ሜትር ለማለፍ 6 ሰከንድ ይበቃዋል። ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ በሚወጣው መንገድ ላይ ግን፣ አየሩም በከፍታው ምክንያት ሳስቶ፣ አንድ መካከለኛ ብርታት ያለው ነጂ በሰዓት ከ8 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ያንኑ 50 ሜትር ለመጨረስ 22 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። አንድ ጤነኛ ወጣት ለአጭር ርቀት በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር መሮጥ አያቅተውም፤ ከፊት ለፊትዎ 50 ሜትር ላይ ተነስቶ ወደ እርስዎ ቢሮጥ 7 ሰከንድ ሳይሞላ ይደርስብዎታል። ስለዚህ ዳገት ላይ «በሳይክል ነኝ፣ አመልጣለሁ» የሚለው ሐሳብ ከስሌቱ ጋር አይሄድም። እዚያ ላይ ፔዳል መምታት እንጂ መፍጠን የለም፤ ደክመዋል፣ ትንፋሽዎ ተቆራርጧል፣ ዓይንዎም ከፊት ጎማው ሁለት ሜትር አልፎ አይመለከትም። ቀማኛ ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልገውም፤ ከዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ሁለት ማለዳ መመልከት ይበቃዋል።

ፍጥነት የሚቀንስበት ቦታ ሁሉ ግን አደገኛ አይደለም። ሱሉልታ ከተማ መሐል ያለ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታም ያዘገይዎታል፤ ነገር ግን እዚያ ሱቅ አለ፣ ባጃጅ የሚጠብቅ ሰው አለ፣ ቡና የምታፈላ ሴት አለች። ሊያሳስብዎ የሚገባው ሦስት ነገሮች በአንድነት የሚገናኙበት ሥፍራ ነው፤ እርስዎ የሚያዘግሙበት፣ ሌላው የሚደበቅበት፣ ማንም የማያይበት። ዳገቱና የባሕር ዛፉ ጠርዝ ሁለቱን ያሟላሉ፤ ሦስተኛውን የሚያሟላው ሰዓቱ ነው። ስለሆነም በሚቀጥለው ሳምንት ሳይክሉን ቤት ትተው በሚኒባስ ተሳፍረው መንገዱን አንድ ጊዜ ሄደው ይመለሱ፤ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ቤቶች የሚያልቁበትን፣ የሚቀጥለው ሱቅ ወይም የጥበቃ ቤት የሚጀምርበትን፣ ጫካው አስፋልቱን የሚነካበትን ልብ ብለው ይመልከቱ። በላብና በትንፋሽ መካከል ያላዩትን ብዙ ነገር ከሚኒባስ መስኮት ያያሉ። ምናልባት ከመንገዱ ሁሉ በእውነት ሰው አልባ የሆነው ጥቂት መቶ ሜትር ብቻ ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚጨነቁት ስለዚያች ቁራጭ መንገድ እንጂ ስለ ሙሉው ጉዞ አይሆንም።

ስለ ሰዓት ብስክሌተኞች አንድ የጋራ ልማድ አለን፤ ሲኖትራክና ኢሱዙ ሳይበዛ እንለፍ ብለን ገና ሳይነጋ፣ 11 ሰዓት ላይ እንወጣለን። ከመኪና አንጻር ትክክል ነው፤ ከቀማኛ አንጻር ግን ራስን ለብቻ መስጠት ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ንጋት በአብዛኛው በ12 ሰዓት ግድም ስለሆነ፣ ከ12 ተኩል በኋላ ዳገቱ ሥር ቢደርሱ መንገዱ ራሱ ሰው ይዞ ያገኙታል፤ ለልምምድ የወጡ ሯጮች፣ እንጨት ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ ሴቶች፣ እሑድ ከሆነ ደግሞ ነጠላ አጣፍተው ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱና የሚመለሱ ምእመናን ይኖራሉ። እነዚህ ሰዎች ጠባቂዎችዎ ባይሆኑም ምስክሮች ናቸው፤ ለሚቀማ ሰው ደግሞ ምስክር ከጠባቂ እኩል ያስፈራዋል። በመልሱም ጉዞ እንዲሁ ነው፤ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል በኋላ ጫካው አጠገብ መገኘት የለብዎትም፤ ከመሸ በኋላ እንጦጦ ላይ ከሰው ሌላ ጅብም አለና።

መንገድ ላይ የሚገባ ሰው ሁሉ ግን ሊቀማዎት አይደለም። ጥላ ዘርግተው ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ የሚለምኑ ሰዎች እስከ አስፋልቱ መሐል ይወጣሉ። ነሐሴ ላይ ቡሄ ሲቀርብ ልጆች በየመንገዱ ዳር ጅራፍ ያጮኻሉ፤ ድምፁ ቢያስደነግጥም ለእርስዎ የታሰበ አይደለም። ኬላ ላይ የቆመ ፖሊስ ወይም ሚሊሻ እጁን ካነሳ ደግሞ ያለ ምንም ማመንታት ይቁሙ፤ ሁለቱም እጆችዎ መሪው ላይ እንዲታዩ ያድርጉ፣ መታወቂያ ሲጠየቁ የት ኪስ እንዳለ አስቀድመው ተናግረው ቀስ ብለው ያውጡ። የታጠቀን ጠባቂ በሳይክል አልፎ ለመሄድ መሞከር ከየትኛውም ሌባ ይልቅ የከፋ አደጋ ያመጣል።

እውነተኛውን ስጋት ከእነዚህ የሚለዩት በሰዎቹ አለባበስ ወይም በድህነታቸው አይደለም፤ በዚያ የሚፈርድ ሰው ምስኪኑን ሲሸሽ ደህና ለባሹ ይቀማዋል። የሚመለከቱት እንቅስቃሴያቸውን ነው። አብረው ተቀምጠው የነበሩ ሰዎች እርስዎን ሲያዩ ወሬ አቋርጠው በመንገዱ ግራና ቀኝ ከተከፋፈሉ፣ አንደኛው እርስዎን ሳይሆን ከእርስዎ ኋላ መኪና መምጣት አለመምጣቱን የሚያይ ከሆነ፣ አንድ እጁን ከጋቢው ወይም ከጃኬቱ ሥር የማያወጣ ካለ፣ ይህ በአጋጣሚ የሚሆን ነገር አይደለም። አሁንም ከተጠራጠሩ አንድ ቀላል መፈተኛ አለ፤ ከኋላ መኪና አለመኖሩን አረጋግጠው ከመንገዱ ዳር ወደ መሐል መስመር ይቀይሩ። መንገደኛው መንገዱን ይቀጥላል፤ እርስዎን የሚጠብቅ ሰው ግን እርስዎን ተከትሎ ቦታውን ይቀይራል።

ይህን ሲያዩ በመካከላችሁ ቢያንስ 50 ሜትር እንዲኖር ያስፈልጋል፤ ለዚህም ነው ዳገት ላይ ዓይንን ከፊት ጎማ ማንሳት ልምምድ የሚሆነው። ከዚያ በኋላ ያለው ምርጫ ከሚመስለው ይልቅ ቀላል ነው። ዳገት እየወጣ ያለ ሰው የማምለጫው መንገድ ከፊቱ ሳይሆን ከኋላው ነው። ወደ ኋላ ዞረው ቁልቁል ከተለቀቁ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ማንም የማይደርስበት ፍጥነት ያገኛሉ፤ ያ ሲያዘገይዎት የነበረው ዳገት አሁን ለእርስዎ ይሠራል። ነገር ግን መዞሩ ራሱ ሰፊ ቦታና ጥቂት ሰከንዶች ስለሚፈልግ 10 ሜትር ሲቀር የሚሞከር አይደለም። ብዙ ነጂዎች የማይዞሩት ስለማይችሉ ሳይሆን ስለሚያፍሩ ነው፤ ምናልባት ምንም የማያውቁ መንገደኞች ቢሆኑስ፣ ፈሪ ቢሉኝስ ይላሉ። ይበሉዎት። ወርደው የመጀመሪያው ሱቅ ደጃፍ ውኃ እየጠጡ ይቆዩ፤ ሌላ ብስክሌተኛ ወይም የሯጮች ቡድን ሲያልፍ ተከትለው ይውጡ፤ ወይም ቀስ ብሎ የሚወጣ የጭነት መኪና ጎን ሳይሆን በደህና ርቀት ከኋላው ሆነው ይሂዱ፤ ሾፌሩና ረዳቱ ሳያውቁት አጃቢ ይሆኑልዎታል።

መዞር የማይቻል ከሆነ ወደ ቀላል ማርሽ ይቀይሩ፤ ከባድ ማርሽ ላይ ሆኖ የቆመ ሰው ዳግም ለመነሳት ይቸገራል። ጫማን ከፔዳል ጋር የሚያያይዝ ፔዳል ከሆነ አንድ እግርዎን አስቀድመው ያላቁ። የጆሮ ማዳመጫ በዚህ ቁራጭ መንገድ ላይ ፈጽሞ አይኑር። ከሁሉ በላይ ግን በድንጋጤ ወደ ተቃራኒው መስመር አይጠምዝዙ። ይህን አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው፤ ዱላ የያዘ ወጣት አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ስልክ ነው፣ ከኋላ ወይም ከፊት የሚመጣው ሲኖትራክ ግን የሚፈልገው ነገር የለም፤ አይቶም ላይቆም ይችላል። ከቀማኛ ሸሽቶ መኪና ሥር መግባት ስልክ ከመስጠት ጋር የሚወዳደር ኪሳራ አይደለም።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ፤ እጁ መሪው ላይ አርፏል፣ ሌላው ዱላ ይዟል፣ ሦስት ናቸው። እዚህ ላይ መልሱ መስጠት ነው። መሪው ከተያዘ በኋላ ሳይክሉ የእርስዎ መሣሪያ መሆኑ ቀርቶ እግርዎ መሐል የተጋደመ ብረት ነው፤ በላዩ ላይ ተቀምጦ መታገል መውደቅን ያመጣል፣ የወደቀ ሰው ደግሞ ይረገጣል። ከያዘዎት ሰው በተቃራኒው ጎን ይውረዱና ሳይክሉን በመካከላችሁ ያድርጉት። ሁለት እጆችዎን ከፍተው ደረትዎ ፊት ያሳዩ፤ ይህ አለመታገልዎን ይነግራቸዋል፣ ፊትዎንም ለመከላከል ቅርብ ነው። የብስክሌት ሹራብ ኪስ ከጀርባ ስለሆነ እጅን በድንገት ወደ ኋላ መስደድ መሣሪያ የሚያወጡ ያስመስልዎታልና፣ «ስልኩ ከኋላ ኪሴ ነው፣ አውጥቼ እሰጣችኋለሁ» ብለው ረጋ ባለ ድምፅ ይናገሩ። ከቻሉ ዕቃውን እጅ ለእጅ ከመስጠት ይልቅ መሬት ላይ አስቀምጠው ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ቁልቁለቱ ያፈግፍጉ፤ እነርሱ ወደ ዕቃው ሲጎነበሱ ርቀት ያገኛሉ። ሳይክሉን ራሱን ከፈለጉም ይውሰዱት። ዓይናቸውን አፍጥጠው አይዩ፣ አይሳደቡ፣ «አውቃችኋለሁ፣ አገኛችኋለሁ» አይበሉ፤ ይህች የመጨረሻዋ ንግግር ያለቀውን ነገር እንደ አዲስ ታስጀምራለች።

መጮህ የሚጠቅመው ሰው በሚሰማበት ሥፍራ ሲሆኑ ነው። በቤቶች አቅራቢያ «ሌባ!» ብሎ መጮህ በእርግጥ ሰው ያሰባስባል። ነገር ግን የተሰባሰበው ሕዝብ አንዱን ከያዘው ድብደባው የት እንደሚቆም አይታወቅምና፣ ያን ጊዜ የእርስዎ ድርሻ ለፖሊስ ደውሎ ሰውየው በሕይወት ተላልፎ እንዲሰጥ መወትወት ነው። ይህን የምለው ለሌባው አዝኜ ብቻ አይደለም፤ በድብደባ የሞተ ሰው ባለበት ጉዳይ እርስዎም ከተጠያቂዎቹ መካከል ሊቆጠሩ ይችላሉ።

መስጠት የማይሠራበት አንድ ሁኔታ አለ፤ ዕቃውን ከወሰዱ በኋላ እርስዎን ወደ ጫካው ሊያስገቡ ሲሞክሩ። ያን ጊዜ የፈለጉት ስልክ አይደለም። ወደ ጫካው አንድ እርምጃ ሳይገቡ፣ በጩኸትም ይሁን በመሬት ላይ በመውደቅ፣ ሳይክሉን አሽቀንጥሮ ቁልቁል በመሮጥም ይሁን አስፋልቱ ላይ ይቅሩ። መንገድ ዳር የሚደርስብዎት ነገር ከጫካው ውስጥ ከሚደርስብዎት ይሻላል። ለእህትዎም ከማንኛውም ነገር አስቀድመው ይህን ይንገሯት።

ጩቤን በተመለከተ ጓደኞችዎ የሚያስቡልዎ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ምክራቸው ግን በሁለት በኩል አያዋጣም። በመጀመሪያ፣ ከሳይክል ላይ ሆኖ ጩቤ ማውጣት አንድ እጅን ከመሪው ማንሳት ይጠይቃል፤ ዱላ ደግሞ ከጩቤ ይረዝማል፣ እነርሱም ሦስት ናቸው፤ ጩቤው በአንድ ደቂቃ ውስጥ የማን እጅ እንደሚገባ መገመት አያዳግትም። ሁለተኛው የሕግ ጉዳይ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ስለ ሕጋዊ መከላከል ይደነግጋል፤ በራስ ወይም በሌላ ሰው ላይ የተቃጣን ሕገ ወጥ ጥቃት መከላከል አያስቀጣም፤ ነገር ግን ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስቀረት የማይቻል መሆን አለበት፣ መከላከሉም ከአደጋው ጋር ተመጣጣኝ መሆን ይገባዋል። ከመጠን ያለፈ መከላከል በቀጣዩ አንቀጽ ለብቻው የታየ ሲሆን፣ ፍርድ ቤት ቅጣቱን ሊያቃልል ቢችልም ድርጊቱ እንደ ንጹሕ መከላከል አይቆጠርም። ስልክ ለማዳን ሰው የወጋ ሰው በዚህ ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ምን እንደሚጠብቀው ያስቡት። በምትኩ የሚይዙት ፊሽካ ነው፤ አንገት ላይ ይንጠልጠል፣ ትንፋሽ ላጠረው ሰው ከጩኸት ይቀላል፣ ርቆም ይሰማል።

ስልክዎ ዛሬ ከስልክነቱ ይልቅ የባንክ ደብተርዎ ስለሆነ ጥቂት ዝግጅት ያስፈልገዋል። የቴሌብርና የባንክ መተግበሪያ የሚስጥር ቁጥርዎ ስልኩን ከሚከፍተው ቁጥር የተለየ ይሁን፤ በጉዞ ቀን ብዙ ገንዘብ አይኑርበት። ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል ሲጫኑ የሚወጣውን የስልኩን መለያ ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፈው ቤት ያስቀምጡ፤ ከሳይክሉ ፔዳል ማዕከል ሥር ብዙ ጊዜ የሚቀረጸውንም ቁጥር እንዲሁ። ስልኩ ከተወሰደ ወዲያው በሌላ ሰው ስልክ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውለው ሲም ካርዱን ያሳግዱ። ስትራቫን የመሳሰሉ መተግበሪያዎችን የሚጠቀሙ ከሆነ የቤትዎን አካባቢ ይደብቁ፤ ዘወትር እሑድ በዚህ ሰዓት በዚህ ዳገት እንደሚያልፉ ለማያውቁት ሰው ሁሉ ማወጅ አያስፈልግም። በቴሌግራም ግን ያሉበትን ቦታ ለ8 ሰዓት ለአባትዎ ብቻ ማሳየት ይችላሉ፤ ምናልባት ሳይክሉን ሽጥ የሚለው ሐሳብም በዚያው ይላላ ይሆናል።

ድንጋይ ስለሚወረውሩ ልጆች ባይጠይቁም ሱሉልታ ከደረሱ ማጋጠሙ አይቀርምና ጥቂት ልበል። ልጆችን ሲያዩ መፍጠን ተፈጥሯዊ ነው፤ ስህተትም ነው። አንድ ልጅ በሰከንድ 15 ሜትር የወረወረው ድንጋይ በሰከንድ 10 ሜትር ወደ እርሱ ለሚበር ብስክሌተኛ በሰከንድ 25 ሜትር ይደርሰዋል፤ የመምታት ኃይሉም ቆሞ ከሚመታው ሰው ጋር ሲነጻጸር ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። በተጨማሪም የሚሮጥ ነገር ልጅን ያስሮጣል፣ ያስወረውራል። ፍጥነትዎን ቀንሰው፣ ከ20 ሜትር ርቀት ጀምሮ ፊታቸውን እያዩ ሰላም ይበሉ፤ ሰላምታ የመለሰ እጅ ድንጋይ ለመያዝ ይከብደዋል። ከወረወሩ ደግሞ አያሳድዷቸው፤ ቆመው በአቅራቢያው ያለ ትልቅ ሰው ይጥሩ። «እማማ፣ ልጆቹ ድንጋይ ወረወሩብኝ» የሚል ቃል በእነዚህ መንደሮች ከማንኛውም ቁጣ ይልቅ ይሠራል። ሄልሜትና መነጽር ግን ሁልጊዜ ይኑር።

ይህም ከሁሉ ይልቅ ትልቅ ወደምለው ጉዳይ ያመጣኛል። በከተማው ዳርቻ የሰው ደኅንነት በአብዛኛው የሚመሠረተው በመታወቅ ላይ ነው። ማንም የማያውቀው፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ሰላም ሳይል የሚበር ሰው በአካባቢው ዓይን የማንም አይደለም፤ ቢቀማም ማንም «የእኛ ሰው ነበር» አይልም። ስለዚህ ከዳገቱ በፊት አንድ ቦታ፣ ከዳገቱ በኋላም አንድ ቦታ ይምረጡና በየሳምንቱ ይቁሙበት። ከታች የጎሚስታው ደጃፍ ሊሆን ይችላል፤ ጎማ ሳይነፋም ቢሆን ሰላም ብለው ያልፋሉ። ከላይ የጀበና ቡና የምትሸጥ እናት ብትኖር አንድ ስኒ ጠጥተው፣ ከየት እንደመጡ፣ ስምዎን፣ እህትዎም አብራ እንደምትመጣ ያጫውቱ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ «ዛሬ ብቻህን ነህ እንዴ? ትናንት እዚያ ላይ ሰው ተቀምቷል» የምትልዎት እርሷ ናት፤ እንዲህ ያለውን ወሬ ከእርሷ ቀድሞ የሚያደርስዎት የለም። ሦስቱ ወጣቶችም ከአካባቢው ከሆኑ ማን እንደሆኑ የምታውቀው እርሷና የጎሚስታው ልጅ ናቸው።

አካባቢው አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ስለሆነ ማለዳ «አካም ቡልታን» ማለት፣ ታላቅን ሰው «ኦቦ»፣ እናትን «አዴ» ብሎ መጥራት ከባድ አይደለም፤ የሚከፈልበት ነገር የለም፣ የሚያስገኘው ግን ብዙ ነው። ከዚሁ ጋር ብስክሌተኞች ሳናውቀው ቂም የምናተርፍባቸው ልማዶች አሉን። ከብት የሚነዳ ገበሬ ጀርባ ደርሰን ደወል እናንጫርራለን፣ ከብቱ ይበረግጋል፤ ቀብር የሚሄዱ ለቀስተኞችን እየቆራረጥን እናልፋለን። ለቀስተኛ ሲያጋጥምዎ ከሳይክሉ ወርደው፣ ሄልሜት አውልቀው፣ አስከሬኑ እስኪያልፍ በዳር ይቁሙ። መንደሩ ሁሉ አይቶዎታል፤ የሚረሳዎትም የለም።

እህትዎን በተመለከተ፣ ከላይ የተባለው ሁሉ ለእርሷም ይሠራል፤ የሚጨመረው ለከፋ ነው። የለከፋን አብዛኛውን ክፍል ሳይመልሱ ማለፍ ይቻላል፤ ሊታለፍ የማይገባው ግን የሚከተል ነው። ሚኒባስ ወይም ባጃጅ ከጎኗ ፍጥነቱን አስተካክሎ መሄድ ከጀመረ፣ ፍሬን ይዛ ድንገት ትቁም፤ መኪናው አልፎ ይሄዳል፣ ወደ ኋላም በቀላሉ አይመለስም። ከዚያም ሰው ወዳለበት ትዙር። ሰሌዳውን በሙሉ መያዝ ካልቻለች ቀለሙንና ፊደሉን ትያዝ፤ በነባሩ ሰሌዳ ቀይ ኮድ 1፣ ሰማያዊ ኮድ 2፣ አረንጓዴ ኮድ 3 ሲሆን፣ «አአ» ወይም «ኦሮ» የሚለውም ፍለጋውን በእጅጉ ያጠባል። አብራችሁ ስትነዱ ዳገት ላይ አንዱ አንዱን ጥሎ አይሂድ፤ ብርቱው ከኋላ፣ ደካማው ከፊት ይሁን። ብርቱው ቀድሞ ወጥቶ ከላይ የሚጠብቅበት ልማድ ዳገቱ ላይ ሁለት ብቸኛ ሰዎችን እንጂ አንድ ቡድን አያሳይም።

ፖሊስ ዘንድ ምን ብለው እንደሚያመለክቱ ጠይቀዋል። ምንም አልተወሰደም ማለት ወንጀል አልተፈጸመም ማለት አይደለም። በኃይል ወይም በከባድ ማስፈራራት ንብረት መውሰድ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 670 መሠረት ውንብድና ነው፤ በአንቀጽ 27 መሠረት ደግሞ ተጀምሮ ያልተፈጸመ ድርጊት ሙከራ ተብሎ ያስቀጣል። መሪውን መያዛቸው፣ ዱላ ማሳየታቸውና ስልክ መጠየቃቸው ከዚህ ጋር የሚታይ ነው። «እንገናኛለን» ማለታቸው ብቻውን ቢወሰድም በአንቀጽ 580 የተመለከተው ዛቻ ሊሆን ይችላል፤ እርሱ ግን በተበዳዩ አቤቱታ የሚንቀሳቀስ ስለሆነና የአቤቱታው ጊዜ ሦስት ወር በመሆኑ አይዘግዩ። ጣቢያ ሲሄዱ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን ከሚታወቅ ምልክት ጋር፣ የሦስቱን ቁመት፣ ልብስና የተናገሩትን ቃል በቃሉ ጽፈው ይሂዱ። ዛሬውኑ ይጻፉት፤ ትዝታ ከሳምንት በኋላ የራሱን ይጨምራል። የኢሱዙውን ሾፌር የሚያውቅ ሰው ካለ ምስክር ነው። አንድ ነገር ብቻ ይለዩ፤ 991 የአዲስ አበባ ፖሊስ ነው። ሱሉልታ ግን በአሁኑ አደረጃጀት የሸገር ከተማ አካል ስለሆነች፣ ድርጊቱ የተፈጸመው ከአዲስ አበባ ወሰን ወዲያ ከሆነ የሚመለከተው የዚያ ወገን ፖሊስ ጣቢያ ነው። በሚኒባስ ሲሄዱ ወሰኑን ያረጋግጡ፣ የሁለቱንም ጣቢያዎች ስልክ ወረቀት ላይ ጽፈው ኪስዎ ይያዙ፤ ስልኩ የተወሰደበት ሰው ስልኩ ውስጥ የተመዘገበ ቁጥር አይጠቅመውምና። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

ከሱሉልታ አልፎ ወደ ጫንጮና ከዚያ ወዲያ መሄድ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በረጅሙ የጎጃም መንገድ ላይ እገታ ስለሚሰማ በዚህ ምላሽ የተባለው አይበቃውም። የመንገዱን የዕለት ሁኔታ ከሁሉ የሚያውቁት ሾፌሮች ናቸው፤ መናኸሪያ ገብተው ይጠይቁ፤ እነርሱ ዛሬ አንሄድም ካሉ እርስዎም አይሂዱ።

ወደዚያው ዳገት መመለስን በተመለከተ፣ አመልክተው፣ መንገዱን በሚኒባስ አይተው ከጨረሱ በኋላ እንጂ በሚቀጥለው እሑድ አይሁን። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጉዞዎች ቀኑን ከእሑድ ወደ ቅዳሜ፣ ሰዓቱንም ከማለዳ ወደ 2 ሰዓት ተኩል ይቀይሩ፤ ዛቻውን የሰነዘሩት ሰዎች የሚያውቁት የቀድሞውን ልማድዎን ነው። ከሁለት ያላነሰ ሰው ይዘው ይሂዱ። ከሦስቱ አንዱን መንገድ ዳር ቢያዩት ሳይቆሙና ሳያናግሩት ዞረው ጎሚስታው ጋ ይውረዱ፤ ከዚያም ሆነው ለመርማሪው ይደውሉ።